ለስላሳ ያልሆነው «ለስላሳ ኳስ»
«ሶፍትቦል የሴቶች ጨዋታ ነው፤ ኳሱም ሩቅ አይሄድም» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ዐረብኛው «አል ኩራ አል ለይና» ይለዋል፤ ለስላሳ ኳስ ማለት ነው። ተርጓሚ ነኝና ይህ ስያሜ አይጥመኝም። ኳሱ 180 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የቤዝቦሉ 145 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ዙሪያው ግን 30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የቤዝቦሉ 23። ትልቁን ኳስ አየሩ ቶሎ ያደክመዋል። ስለዚህ የቤዝቦል መቺ ኳሱን ከ120 ሜትር በላይ ሲልክ፣ የሶፍትቦል አጥር 67 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። ልዩነቱ የክንድ ብቻ አይደለም።

ለሚጠራጠር፦ እ.ኤ.አ በ2004 ጄኒ ፊንች የቤዝቦሉን ኮከብ አልበርት ፑሆልስን በሶፍትቦል ውርወራዋ ከጨዋታ አስወጥታዋለች።

በአቡዳቢ ባዶ ሜዳዎች በፕላስተር በተጠቀለለ የቴኒስ ኳስ ክሪኬት የሚጫወቱትን ሠራተኞችም፣ በዛይድ ስታዲየም የቆዳ ኳስ ከሚመቱት ጋር በሜትር ማወዳደር ያው ስህተት ነው። ቦታም ለውጥ ያመጣል። አል ዐይን ከባሕር ጠለል 290 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ፤ በስስ አየር ያው ምት ሸገር ላይ ይርቃል።

ልጅዎ ሶፍትቦል ከመረጠች በወንድሟ የቤዝቦል ሜትር አይለኳት። ጨዋታው በ2028 በሎስ አንጀለሱ ኦሊምፒክ ይመለሳል።