ሬዲዮ የሚይዝ ከየእድሩ ይውጣ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ወገኖቻችን!

እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 ሌሊት ኃይለኛ ነፋስ አካባቢያችንን መታ። ዛፍ መውደቁን፣ መብራት መጥፋቱን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የዘነጋነው የማግስቱን ጠዋት ነው። የስልክ ማዕከላት መጠባበቂያ ጄኔሬተሮች አልነሳ ስላሉ፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርበት በፌርፋክስ ካውንቲ 911 መደወል አልተቻለም። ልቡን ያመመው፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው የሚጣራበት አጣ።

አማተር ሬዲዮ ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። የስልክ ማማም ኢንተርኔትም አይፈልግም፤ ባትሪ ይበቃዋል። በእጅ የሚያዘው ትንሹ ሬዲዮ በከፍታ ላይ በተተከለ፣ ድምፁን ተቀብሎ በሚያስተላልፍ ሪፒተር በኩል ሩቅ ይሰማል፤ ሪፒተሩ ቢጠፋም ጎረቤት ከጎረቤት በቀጥታ ይነጋገራል። በ2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲያወድማት የአሜሪካ ቀይ መስቀል አማተር ሬዲዮ የሚይዙ በጎ ፈቃደኞችን ጠራ። ቤት ንብረታቸውን ትተው ሄዱ፤ የተረፉትን ሰዎች የደኅንነት መልእክት ለዘመድ አደረሱ።

እኛስ? እድር አለን፣ አጥቢያ አለን፣ መስጊድ አለን። ሰው ሲሞትብን በአንድ ሌሊት እንሰባሰባለን፤ የምንሰባሰበው ግን በስልክ ተጠራርተን ነው። ስልክ በጠፋ ቀን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ያሉትን፣ እንግሊዝኛ የማይሰሙትን እናት ማን ይድረስላቸው? ሕጉ በአየር ላይ በአማርኛ እንድንነጋገር ይፈቅዳል፤ በእንግሊዝኛ መነገር ያለበት በአየር ላይ መለያችን የሆነው የጥሪ ምልክት ብቻ ነው። ይህን ዕድል ሳንጠቀምበት መቅረታችን ያንገበግበኛል።

በአማተር ሬዲዮ ለመነጋገር የሚያስፈልገው ፈቃድ ዜግነት አይጠይቅም፤ ዕድሜም አይገድበውም። ሞርስ ኮድ ማወቅ ከ2007 ወዲህ ቀርቷል። የመጀመሪያው ፈተና 35 ጥያቄ ነው፤ 26 የመለሰ ያልፋል። ጥያቄዎቹም ከነመልሳቸው አስቀድመው ይፋ ናቸው።

እንግዲህ እንነሳ! የእድር ዳኞች፣ ከየእድራችሁ ቢያንስ ሁለት ሰው ምረጡ። ሰበካ ጉባኤዎችና የመስጊድ ኮሚቴዎች፣ አዳራሻችሁን ለጥናት ክፈቱ። ታክሲ የምታሽከረክሩ ወንድሞችና እህቶች፣ መንገዱን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለምና ቅደሙ። ወላጆች ከልጆቻችሁ ጋር ተፈተኑ፤ ልጆቹ በእንግሊዝኛው፣ እናንተ በአማርኛው ትረዳዳላችሁ።

ፈቃዱን ያገኘ ሬዲዮውን ሳጥን ውስጥ አይተወው። በካውንቲው የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ይመዝገብ፤ በየሳምንቱ በሚደረገው የአየር ላይ ልምምድ ይገኝ። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን አድራሻም ከወዲሁ ይያዝ። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ጉዳዩን አጀንዳ አስይዙ፤ ሁለቱን ሰዎች ሳትመርጡ አትበተኑ።