አወጣጥም ሥርዓት አለው



በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ የመጣልን ከባሕር ማዶ ነው። ቀን በመደበኛው ትምህርት ቤት፣ ማታ ደግሞ በመድረሳ ያስተማርናት አንዲት ልጅ ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዳ ዛሬ የዩኒቨርስቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆናለች። በቅርቡ ደወለችልንና «ኡስታዝ፣ ከአንድ ማኅበር ለመውጣት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ላንብብልዎት?» አለችን። ደብዳቤው አራት ገጽ ነበር። አንብባ ስትጨርስ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን።

ማኅበሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ዩኒቨርስቲዎች ውስጥ «ሶሮሪቲ» የሚባሉ የሴት ተማሪዎች ማኅበራት አሉ። ቃሉ «እህት» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን የእህትማማቾች ማኅበር እንደማለት ነው። አብዛኞቹ የሚጠሩት በግሪክ ፊደላት ነው። አዲስ አባላት ተመልምለው ለተወሰነ ጊዜ የማኅበሩን ታሪክና ደንብ ይማራሉ። በመጨረሻም ለውጭ ሰው በማይገለጥ ሥነ ሥርዓት ቃል ገብተው ዓርማውን ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ መዋጮ አለ፣ ስብሰባ አለ፣ የበጎ አድራጎት ሥራ አለ፣ ድግስም አለ። አባልነቱም ከምረቃ ጋር የሚያበቃ ሳይሆን የዕድሜ ልክ ተደርጎ ይታያል።

እነዚህን ማኅበራት በጅምላ ማውገዝ ተገቢ አይመስለንም። በ1908 (እ.ኤ.አ.) በዋሽንግተን ከተማ በሃዋርድ ዩኒቨርስቲ የተቋቋመው አልፋ ካፓ አልፋ፣ የከፍተኛ ትምህርት በር ጠብቦባቸው በነበረበት ዘመን ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች የመሠረቱት የመጀመሪያው የሴቶች ማኅበር ነው። በ1913 እዚያው የተቋቋመው ዴልታ ሲግማ ቴታም በዚያው ዓመት ስለ ሴቶች የመምረጥ መብት በዋሽንግተን በተደረገው ሰልፍ ላይ ተሳትፏል። በ2005 ደግሞ አንዲት ሙስሊም እናትና ልጇ ጋማ ጋማ ካይ የተባለ፣ በእስልምና ሥርዓት ላይ የቆመ የእህትማማቾች ማኅበር መሥርተዋል። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄያችን «ለምን ተገባ?» የሚል አይደለም። የገባንበት ነገር እንደማይሆነን ካወቅን በኋላ እንዴት እንውጣ የሚል ነው።

ልጅቷ ወደ ማኅበሩ የገባችው ብቸኝነት ገፍቷት ነው። ማንንም በማታውቅበት የተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ የጎረቤት ክፍል ልጆች ለምሳ ጠሯት፤ ስትታመም መድኃኒት ገዙላት፤ ፈተና ሲደርስ አብረዋት አጠኑ። «ደግ ልጆች ናቸው» ትላለች ዛሬም። ነገር ግን ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ቀስ በቀስ የማትፈልገው ነገር መጣ። መጠጥ ባለበት ድግስ መቀመጥ ከበዳት፤ ስብሰባው ከመግሪብ ሰላት ጋር ይጋጭባት ጀመር፤ መዋጮውም ከአቅሟ በላይ ሆነ። እሷ ግን «አልችልም፣ ወጥቻለሁ» አላለችም። ዝም ብላ ቀረች። ስልክ ሲደወልላት አታነሳም፤ ከሩቅ ስታያቸው መንገድ ትቀይራለች።

ጠፋች እንጂ አልወጣችም። በመዝገብ ላይ አባል ስለሆነች መዋጮው መቆጠሩን ቀጠለ። አንድ ቀን አባቷ ሌሊት ሠርተው ጠዋት ሲገቡ በስሟ የመጣ ፖስታ ከፈቱና የማያውቁትን ዕዳ አገኙ። እንቅልፍ የነሳቸው ግን ገንዘቡ አልነበረም፤ «ልጄ ከእኔ የደበቀችው ሌላስ ምን አለ?» የሚለው ነበር። ተቆጡ፤ እሷም አለቀሰች። ያን አራት ገጽ ደብዳቤ የጻፈችው በዚያው ሌሊት ነው።

በደብዳቤው ውስጥ ያልገባ ነገር የለም። ማን እንደሰከረ፣ ማን ማንን እንደሰደበ፣ አንዲት ልጅ በሌሊት ጨዋታ ያጫወተቻት የቤተሰቧ ምስጢር ሳይቀር ተጽፏል። እኛም «ይህን ደብዳቤ የምታነበው ማን ናት?» ስንል ጠየቅናት።

«ፕሬዝዳንቷ» አለችን።

«ከዚያስ?»

«ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል።»

«ታዲያ የዚያች ልጅ ምስጢር እዚያ ምን ይሠራል?»

መልስ አልነበራትም። ምስጢር አማና ነው። ማኅበሩን ስንተው አብሮ የሚተው ነገር አይደለም። የወጣነው ከማኅበሩ እንጂ ከአደራችን አይደለም።

ስንመክራት እኛም ንጹሕ ሆነን አልነበረም። በወጣትነታችን የአንድ የሰፈር ወጣቶች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነበርን። በሆነ ነገር ተቀየምንና መሄድ አቆምን። የሒሳብ ደብተሩ ግን ለወራት እኛ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ልጆቹ ሒሳባቸውን ማወራረድ አልቻሉም፤ ለማለት ባይደፍሩም ሳይጠረጥሩን አልቀሩም። ደብተሩን የመለስን ዕለት ሳንቲም አልጎደለም። የጎደለው ግን እምነታቸው ነበርና ያንን ለመመለስ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብናል። ተቀይመን መውጣታችን ጥፋት ላይሆን ይችላል። ጥፋታችን ሳንናገርና ሳናስረክብ መቅረታችን ነበር።

በአገራችን እድርና እቁብ ያደጉ ሰዎች ይህን ሥርዓት ያውቁታል። ከእድር የሚወጣ ሰው ለዳኛው ያሳውቃል፤ የተዋሰው ዕቃ ካለ ይመልሳል። እቁብ የወጣለት ሰው ቀሪውን ሳይከፍል «ወጥቻለሁ» ቢል ማን ይቀበለዋል? የአሜሪካውም ነገር በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ እዚያ ነገሩ ሁሉ በጽሑፍ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ለልጅቷ የነገርናትን እዚህ እናስቀምጠዋለን። በመጀመሪያ የፈረመችውን ደንብ ታንብብ። መልቀቂያው ለማን እንደሚጻፍ፣ ማን እንደሚያጸድቀው፣ ዓርማው ይመለስ እንደሆነ የሚነግራት እሱ ነው። በማኅበሩ ቤት የምትኖር ተማሪ ብትሆን ኖሮ የቤት ኪራዩን ውልም ለብቻው ማየት ይኖርባት ነበር፤ ከአባልነት መልቀቅ ከኪራይ ውል ነፃ ላያወጣ ይችላልና። ሌላም የሚታሰብበት ነገር አለ። በ1902 በተመሠረተው ብሔራዊ ጉባኤ ሥር ያሉት ማኅበራት፣ ከመካከላቸው የአንዱ ሙሉ አባል ሆና የምታውቅ ሴት ብትለቅም እንኳ ወደ ሌላው እንዳትገባ ተስማምተዋል። እንግዲህ በንዴት ወጥቶ ነገ በሌላው በር መግባት አይቻልም። ውሳኔው በንዴት ሌሊት ሳይሆን አድሮ የሚወሰን ነው።

ቀጥሎ ደብዳቤው ይመጣል። በአነጋገር ይፈረዳል፣ በአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ደብዳቤ ደግሞ ከአነጋገር ይልቅ ይከብዳል፤ ተቀምጦ ይቆያልና። ልጅቷ «ምክንያቴን ካልጻፍኩ ፈራች አይሉኝም?» ብላን ነበር። ምክንያትን መዘርዘር ግዴታ አይደለም። መጻፍ ከተፈለገም «በግል ምክንያት» ወይም «በሃይማኖቴ ምክንያት» የሚል ይበቃል። በእርግጥ ሰው የተጎዳበት በደል ካለ ዝም ይባል ማለታችን አይደለም። እንዲህ ያለው ነገር ለዩኒቨርስቲው ኃላፊዎች በሌላ ደብዳቤ የሚቀርብ አቤቱታ ነው። መልቀቂያና አቤቱታ በአንድ ወረቀት ሲደባለቁ ሁለቱም ይዳከማሉ።

ከአራቱ ገጽ የቀረው ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦

«ለማኅበሩ ፕሬዝዳንት፦ ይህ ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ከማኅበሩ አባልነት በፈቃዴ የለቀቅሁ መሆኔን አስታውቃለሁ። ይህን የወሰንኩት በግልና በሃይማኖቴ ምክንያት፣ በሚገባ አስቤበት ነው። እስከ ዛሬ ያለብኝ ዕዳ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝና በየወሩ እንድከፍል እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። ዓርማውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። መልቀቄ ለዋናው መሥሪያ ቤት እንዲተላለፍና ማረጋገጫ እንዲሰጠኝም በትሕትና እጠይቃለሁ። በመጀመሪያው ዓመቴ ስላደረጋችሁልኝ ደግነት አመሰግናለሁ።»

ቀንና ፊርማ ይኑረው፤ ቅጂውም እጇ ላይ ይቅር።

«የገባሁት ቃልስ?» ብላም ጠይቃናለች። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ በሚል ሕዝብ መካከል ላደገች ልጅ ጥያቄው ቀላል አይደለም። በሃይማኖታችንም ቃል ኪዳን የሚያስጠይቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ወደ ኃጢአት በሚወስድ ነገር ላይ የተገባ ቃል አያስርም። በአላህ ስም የማለ ሰው ከማለበት ነገር የተሻለ ቢያይ የተሻለውን እንዲሠራና ለመሐላው ማካካሻ እንዲያወጣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ማካካሻውም በሱረቱል ማኢዳህ ተደንግጓል፤ ዐሥር ድሆችን ማብላት ወይም ማልበስ ይገኝበታል፤ ያልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል። የራሷ ቃል ከየትኛው ወገን እንደሆነ ግን የተናገረችውን ቃል በቃል ለሚያውቁት ዓሊም ነግራ እንድትጠይቅ መክረናታል።

ደብዳቤው ከመላኩ በፊት አንድ ነገር ጨመርን። ስትታመም መድኃኒት ለገዛችላት ልጅ በወረቀት ሳይሆን በአካል ሄዳ እንድትነግራት ነው። ይህ ከሁሉ ከበዳት፤ ግን ሄደች። ልጅቷ መጀመሪያ ተከፋች፤ ኋላ ግን «ጠፍተሽብን የጠላሽን መስሎን ነበር» አለቻት። ሌሎቹ ዛሬም ሰላም አይሏት ይሆናል። ዕዳውም ገና አላለቀም፤ በየወሩ ትከፍላለች። አሁን ግን መንገድ አትቀይርም።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ፖስታው ከመምጣቱ በፊት ቢነግሩን እንወዳለን። እንዲነግሩን ግን ስንሰማ የምናሳየው ፊት ይወስነዋል። የዚያች ልጅ አባት ኋላ ላይ ደብዳቤውን አብረዋት አንብበው ፖስታ ቤት ድረስ ሸኝተዋታል። እናንተም ወጣቶች! ከማይሆናችሁ ነገር መውጣት አያሳፍርም፤ ተሰውሮ መቅረት ግን ያሳፍራል። ስትገቡ በሰላምታ እንደገባችሁ ስትወጡም በሰላምታ ውጡ።

በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።