ጆሮ የሚበሳ ሰው ስለ ቁስሉም ይናገር



በከተማችን ጆሮና አፍንጫ የሚበሱ ጌጣጌጥ ቤቶችና የውበት ሳሎኖች በርክተዋል። መበሳቱን አልቃወምም፤ ሴት ልጆቼም ተበስተዋል። የምቃወመው ገንዘብ ተቀብሎ፣ ሎቲውን አስገብቶ፣ «አልኮል እየቀባሽ በየቀኑ አዙሪው» ብሎ መሸኘትን ነው። በጤና ጣቢያ ቁስል የማጥብ ነርስ ነኝ። አብጦና መርቅዞ ወደኛ ከሚመጣው ጆሮ ብዙውን የጎዳው መርፌው ሳይሆን ይህ ምክር ነው።

አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጀርሙን ብቻ ለይተው አይገድሉም፤ ቀዳዳውን ከውስጥ እያለበሰ የሚያድገውን አዲስ ቆዳም ያቃጥላሉ። ሎቲው ሲዞር ደግሞ የደረቀው ቅርፊት ወደ ውስጥ ይገባል፣ መግጠም የጀመረው ሥጋም መልሶ ይቀደዳል። አንዳንዶች ቀዳዳው ላይ የሚቀቡት ቅቤም ቆሻሻ ይይዛል። የሚያስፈልገው እኮ ጥቂት ነው፦ እጅን በሳሙና ታጥቦ ከፋርማሲ በተገዛ ኖርማል ሳላይን በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ማጠብ፣ በንጹሕ ጎዝ ማድረቅ፣ ከዚያ አለመነካካት። ኖርማል ሳላይን በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 9 ግራም ጨው ብቻ ነው ያለው፤ ቤት ውስጥ በግምት ሲበጠበጥ ጨው ይበዛና ቆዳውን ያደርቀዋል። በሎቲው ዙሪያ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ስስ ፈሳሽ ደርቆ ቢታይም አያስደነግጥ፤ እየዳነ ያለ ቁስል ያወጣዋል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ወጣቶቹ የሚወዱት የላይኛው የጆሮ ክፍል ነው። የታችኛው ለስላሳ ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይድናል። ላይኛው ግን ልም አጥንት ነው፤ የራሱ የደም ሥር ስለሌለው እስኪድን ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ከመረቀዘ መድኃኒቱ በቀላሉ አይደርስበትም፤ ልም አጥንቱ ከሞተም ጆሮው ተጨማዶ ይቀራል። ይህን ቦታ በጆሮ መብሻ ሽጉጥ መብሳት ጭራሽ መቅረት አለበት። ሽጉጡ ልም አጥንቱን ይቀጠቅጣል፤ ፕላስቲክ ያለበት ሽጉጥ ደግሞ በእንፋሎት ሙቀት ሊመክን አይችልም።

መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ወፍራም መግል ከወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ሎቲውን ግን ቤት ውስጥ አታውልቁት፤ ቀዳዳው ይገጥምና መግሉ ውስጥ ይታፈናል።

ስለ ሕፃናት አንድ ነገር ልጨምር። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ለበዓሉ ጆሮዋ እንዲበሳ የሚቸኩል ወላጅ አለ። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያን የያዘው ክትባት ሦስተኛ ዙር የሚሰጠው ግን በ14ኛው ሳምንት ነው። ጥቂት ሳምንት መታገሥ ምን ይጎዳል?

ጥያቄዬ ከባድ አይደለም። የሚበሳ ቤት ሁሉ እነዚህን ነገሮች በአማርኛ የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ለደንበኛው ይስጥ፤ ተቆጣጣሪዎችም ፈቃድ ሲያድሱ ወረቀቱን አሳዩን ይበሉ። ጽሑፉን ለማዘጋጀት እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ያለ ክፍያ እንተባበራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ነርስ፣ ከአዲስ አበባ