መቅጣትና ማቅናት

በሬ እርሻ ላይ ሲለግም፥ ብልህ ገበሬ ጅራፉን ከማንሣቱ በፊት ቀንበሩን ከፍ አድርጎ ጫንቃውን ያያል። ቁስል ቢያገኝ ፈትቶ ያሳርፈዋል እንጂ በቁስሉ ላይ ጅራፍ አይጨምርበትም። ይህን የቦረና ደጋ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ለበሬ ያልነፈግነውን ምርመራ ለልጅ ስንነፍገው እንታያለን። ልጅ በትምህርት ቤት ያጠፋ እንደ ሆነ፥ ከአንደበታችን የሚቀድመው «ምን ሆነህ ነው?» የሚለው ጥያቄ ሳይሆን «ያን አርጩሜ አምጡልኝ» የሚለው ትእዛዝ ነው።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ተወቃሽ እኔ ነኝ። ከመካነ ሰላም ብዙ በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት ሳስተምር፥ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረኝ። ስጠራው አይመልስም፤ ደብተር አውጡ ስል ዙሪያውን ያያል፤ ጓደኞቹ ሲስቁበት ተነሥቶ ይማታል። ንቀት መሰለኝና ገረፍሁት፤ አንበረከክሁት። አንድ ቀን እናቱ መጥታ «መምህር፥ ልጄ እኮ ጆሮው ይመግላል፤ ደኅና አድርጎ አይሰማም» አለችኝ። ልጁ ትእዛዜን አልናቀም፤ አልሰማውም ነበር። ጤና ጣቢያ ተወሰደ፤ ከፊት ወንበር አስቀመጥሁት፤ ፊቴን ወደ እርሱ አድርጌ መናገር ጀመርሁ። ጠቡን ተወ፤ ጆሮውም ተሻለው። ነገር ግን ጠመኔ ለማንሣት እንኳ እጄን በዘረጋሁ ቍጥር ራሱን በክንዱ ይሸፍን ነበር። ይህን ሕመም የሰጠሁት እኔ ነኝ።

የአርጩሜ ጠበቆች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ይሉናል። ደግ፤ ነገር ግን መቅጣት ማለት መምታት ብቻ ነው ያለን ማን ነው? ሌሎቹ ደግሞ «እኛ ተገርፈን ሰው ሆነናል» ይላሉ። ሰው የሆኑት ዛሬ ይናገራሉ፤ ግርፋቱን ፈርተው ትምህርት ትተው የጠፉትን ግን ማን ቈጥሯቸዋል? ሦስተኞቹ «ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል የእያንዳንዱን ምክንያት ለመጠየቅ ጊዜ ከወዴት ይመጣል?» ይላሉ። ድካማቸው እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ አርጩሜ ያንኑ ልጅ ስለዚያው ጥፋት ዛሬም ነገም ይፈልገዋል፤ ምክንያቱ የተገኘለት ጥፋት ግን ብዙ ጊዜ ይቀልላል።

እኔ ልጅ እንዳሻው ይሁን አላልሁም። ልቅነትም ሌላ በደል ነው። የምለው፥ አመል የሚቃናው በማስተማር ነው። ጥፋቱ መቼ እንደሚደርስ፥ ከእርሱ በፊት ምን እንደ ነበረ፥ ከእርሱም በኋላ ልጁ ምን እንደሚያገኝ ተመልከቱ። አንዱ የሚረብሸው ሰው እንዲያየው ነው፤ ሌላው የሚረብሸው ከከበደው ሥራ ለማምለጥ ነው። ሒሳብ የከበደውን ልጅ ስለ ረበሸ ከክፍል ብታስወጡት፥ የቀጣችሁት ይመስላችኋል እንጂ የፈለገውን ሰጥታችሁታል። ይልቁንስ ሒሳቡን ከፋፍላችሁ አቅልሉለት። ደንባችሁ ጥቂትና ግልጽ ይሁን። ደግ ሲሠራ ወዲያው አመስግኑት፤ ሲያጠፋ ለብቻው ጠርታችሁ ምከሩት።

ሕጉም ከዚህ ጋር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ፥ ሕፃን በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም አካሉን ከሚነካ ቅጣት ነፃ መሆኑን ደንግጓል። ስዊድን በፈረንጆች 1979 ወላጅ እንኳ ልጁን እንዳይመታ ስትከለክል ብዙዎች ተገርመው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች ተከትለዋታል። ነገር ግን በወረቀት ያለ ሕግ አርጩሜን ከመምህር እጅ አያስጥልም፤ በአርጩሜው ፋንታ ሌላ ጥበብ ሊሰጠው ይገባል።

ማሳደጊያ ስል አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። የእኔን ተማሪ ያዳነችው እናቱ ናት። በማሳደጊያ ለሚኖር ልጅ ግን መጥታ ስለ ጆሮው የምትናገርለት እናት የለችውም፤ ስለዚህ አሳዳጊው ራሱ ጠያቂ ካልሆነ ሕመሙ ሁሉ «ባለጌ» በሚል ስም ተሸፍኖ ይቀራል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ተኩስ ሰምተው የተሰደዱ ልጆችም አሉ። በር ሲጋጭ የሚበረግገውን፥ ጓደኛው ሲነካው የሚቧቀሰውን ልጅ በዱላ ማረጋጋት፥ እሳትን በጭድ እንደ ማጥፋት ነው።

ወጣት ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ከእናንተ አንዳንዱ ነገ መምህር፥ አንዳንዱ አሳዳጊ፥ ብዙው ወላጅ ይሆናል። እኔ የተማርሁት በሰው ልጅ ላይ ተሳስቼ ነው፤ እናንተ ግን ያለዚያ ዋጋ ልትማሩ ትችላላችሁ። ልጅ በለገመባችሁ ቀን ጅራፉን አቈዩና አስቀድማችሁ ቀንበሩን ከፍ አድርጉ።