«ከሥራ ቅር» ያለ ሕግ «ደመወዝ ይከፈል» ይበል

በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መከሰቱ ሲረጋገጥ፣ ከታማሚዎች ጋር ንክኪ የነበራቸው ሰዎች ለ21 ቀናት ክትትል እንዲደረግላቸው ተወሰነ። ውሳኔው ትክክል ነበር። ለበሽታው የጸደቀ ክትባትም ሆነ ፈዋሽ መድኃኒት ስለሌለ፣ ስርጭቱን የሚገታው ታማሚውን መለየትና ንክኪ ያለውን በዓይነ ቁራኛ መከታተል ነው። ነገር ግን እንዲህ ባለው ክትትል ምክንያት ከሥራ እንዲቀር የሚታዘዝ ተቀጣሪ «እነዚህን ሦስት ሳምንታት ደመወዜ ይከፈለኛል?» ብሎ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ቢያገላብጥ ቁርጥ ያለ መልስ አያገኝም።

ይህ ክፍተት በአስቸኳይ መደፈን አለበት። በወረርሽኝ ጊዜ በጤና ባለሥልጣን ትእዛዝ ከሥራ የሚቀር ሠራተኛ ደመወዙ ሊቋረጥ፣ ከሥራውም ሊሰናበት አይገባም። ጥበቃው መጻፍ ያለበት ደግሞ በመደበኛው ሕግ ውስጥ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ የሰጠው መብት አለ። ለመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ ለመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ ያለ ክፍያ ፈቃድ ያገኛል። ለዚህ ግን መታመሙን የሚያረጋግጥ የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ንክኪ ያለው ሰው ገና አልታመመም፤ ላይታመምም ይችላል። ሐኪም ታሟል ብሎ ሊጽፍለት አይችልም፤ ጤና ቢሮው ደግሞ ሥራ እንዳይገባ ይከለክለዋል። በዚያ ላይ የሕመም ፈቃዱ የሙከራ ጊዜያቸውን ላልጨረሱ አይደርስም። የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊዘልቅ ይችላል። በየሕንፃ ግንባታው የቀን ሥራ የሚሠራውማ በሽታ ቢይዘው የሚጠይቀውም የለው።

ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ወጣትን እናስብ። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በተከራየችው ክፍል ታድራለች፣ ጠዋት በተጨናነቀ ሰርቪስ ትሳፈራለች፣ ቀኑን ሙሉ ክንዷ ከጎረቤቷ ክንድ ሊነካካ በቀረበበት መስመር ላይ ትሰፋለች። ከትንሿ ደመወዟ ላይ የምትታከል የአቴንዳንስ ጉርሻ አለች፤ አንድ ቀን ከቀረች ጉርሻዋ ትቀራለች። ማታ ትኩሳት ቢሰማት ፓራሲታሞል ውጣ ታድርና ጠዋት ሰርቪሷን ትጠብቃለች። ይህቺን ልጅ «ለምን ታመሽ መጣሽ?» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። እንድትመጣ ያስገደዳት የደመወዝ አከፋፈሉ ነው። በወረርሽኝ ወቅት እንዲህ ያለውን ጉርሻ ከመገኘት ጋር ማሰር ፋብሪካውን በሙሉ ለበሽታ ማጋለጥ ስለሆነ አሠሪዎች ያለ ማንም ቀስቃሽ ሊያቆሙት ይገባል።

የአሠሪው ግዴታስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢን የሠራተኛ መብት አድርጎታል። አዋጁም በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያሠለጥን ያዝዛል። በባለሥልጣን የታዘዘ የጤና ምርመራ ወጪም የአሠሪው ነው። ሠራተኛው በበኩሉ የተሰጠውን መጠቀም፣ መመሪያውን ማክበር አለበት። በ2012 በኮቪድ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመላቸው በርሜሎች ቆመው፣ ጥበቃዎች ሳሙና ይዘው ያስታጥቡን ነበር። ብዙዎቹ በርሜሎች ወራት ሳይቆጠሩ ደርቀዋል። ተቆጣጣሪ ያልመጣበት ግዴታ እንዲህ ይረሳል፤ የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት በሰውም በተሽከርካሪም መጠናከር አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን የአዋጁ አንቀጽ 98 ነው። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ሲተረጉም፣ ሥራው በሚከናወንበት አካባቢ የሚዛመት ወረርሽኝን ከትርጉሙ ያስወጣል። ከዚህ የሚተርፉት ሙያቸው በሽታውን መዋጋት የሆነ ሠራተኞች ብቻ ናቸው። ታዲያ በግል ሆስፒታል የታማሚውን አንሶላ የምታጥበው፣ በኤጀንሲ ተቀጥራ የማግለያ ክፍሉን ወለል የምትወለውለው፣ በሩ ላይ ታማሚ ደግፎ የሚያስገባው ጥበቃ ከየትኛው ወገን ናቸው? ጂንካ ላይ ማርበርግ ከያዛቸው መካከል የጤና ባለሙያዎች እንደነበሩ እናውቃለን። በሽታው ነርሷን ከያዘ ያንኑ ክፍል የምታጸዳውን ሴት የማይዝበት ምክንያት የለም። ካሳ ለማግኘት ግን ሥራዋ «በሽታውን መዋጋት» መሆኑን መከራከር ሊጠበቅባት ነው። ሕጉ በወረርሽኝ ጊዜ በጤና ተቋም ውስጥ የሚሠራን ሁሉ፣ የሥራ መደቡ ምንም ይሁን ምን፣ በግልጽ ሊያቅፍ ይገባል።

ሌላ መንገድ እንዳለ አይተናል። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ተገኘ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ይህን ተከትሎ የወጣው ደንብ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ከለከለ። ብዙ ቤተሰብን ከመበተን ያዳነ ድንጋጌ ነበር። ይሁንና አዋጁ ከአምስት ወር በኋላ ሲያበቃ ጥበቃውም አብሮ አበቃ። ለቀጣዩ ወረርሽኝ ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጠበቅ የለብንም።

አሠሪዎች «ገበያ በተዘጋበት ከየት አምጥተን እንክፈል?» ይላሉ። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ በተለይ አምስትና ስድስት ሠራተኛ ይዞ ለሚንገታገት ምግብ ቤት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከአቅም በላይ ለሆነ ችግር መውጫ ሰጥቷል፤ ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሥራው የተቋረጠበት አሠሪ በ3 ቀናት ውስጥ አሳውቆ፣ ሲፈቀድለት እስከ 90 ቀናት የሥራ ውሉን ማገድ ይችላል። በእነዚያ 90 ቀናት ግን ሠራተኛው ያለ ደመወዝ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ሸክሙ በአንድ ወገን ትከሻ ላይ መውደቅ የለበትም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አሠሪው ይክፈል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ከአሠሪው፣ ከሠራተኛውና ከመንግሥት መዋጮ የሚቋቋም ፈንድ ይሸፍን። ከቤት አትውጣ የሚለው መንግሥት ስለሆነ ከወጪውም ድርሻውን ማንሳት አለበት።

የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። በ2012 መጨረሻ ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን እህቶቻችንን በቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሲሄዱ አገር ሁሉ ተቆጥቶ ነበር። ቁጣው ተገቢ ነበር። እዚህ በየቤታችን የሚሠሩት ልጆች ግን ዛሬም ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሽፋን ውጭ ናቸው። አንዷ ስትታመም ጓዟን አስይዞ ወደ መናኸሪያ መላክ እሷንም በሽታውንም ወደ ገጠር መላክ ነው። የቤት ሠራተኛ ያላችሁ አንባቢዎቻችን፣ ሕግ እስኪወጣ ሳትጠብቁ ስትታመም አሳክሟት፣ ደመወዟንም አትቁረጡባት።

ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንና ከአሠሪዎች ማኅበራት ጋር ተቀምጦ፣ የማግለያ ጊዜ ክፍያን የሚደነግግና አንቀጽ 98ን የሚያስተካክል ረቂቅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያቀርብ እንጠይቃለን። በ2012 በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሠራተኛን ከስንብት የሚጠብቅ ሕግ መጻፍ ችለናል፤ አሁንም ማዘግየት አይገባም።