ለምጣዱ የራሱ መስመር

ቤቱን ለማደስ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው እንግዳ ስለሚቀበልበት ክፍል ነው። የግድግዳው ቀለም፣ የመጋረጃው ዓይነት፣ የመብራቱ ጌጥ በብዙ ምክር ይመረጣል። ማድ ቤቱ ግን ከሁሉ በኋላ ይታሰባል። ከሳሎኑ ሶኬት አንድ ገመድ ይቀጠላል፤ መጋጠሚያው በናስትሮ ይጠቀለላል፤ ገመዱ በቆርቆሮው ክዳን ሥር ሾልኮ ምጣዱ ዘንድ ሲደርስ ሥራው ተፈጸመ ይባላል። ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድነው ስለዚህ አደገኛ ልማድ ነው።

ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዙ የምትገኘው ወለቃ በሸክላ ሥራ የታወቀች መንደር ናት። ለብዙ ዘመን ይኖሩባት ከነበሩት ቤተ እስራኤል አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. እስከ 1991 ድረስ ወደ እስራኤል ቢሄዱም፣ የሸክላዋ ስም አልጠፋም። ስለዚህ ምጣድ ምን እንደሆነ ለወለቃ ሰው መንገር አያስፈልግም። የኤሌክትሪኩም ምጣድ ያው ሸክላ ነው፤ ልዩነቱ ከሥሩ በተቦረቦረው ጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ የተጋደመው ሽቦ በእንጨቱ ፋንታ ማሞቁ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሽቦ የሚጠይቀው ኃይል ቀላል አይደለም። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3500 ዋት ያህል ይወስዳል። የአገራችን የቤት መስመር 220 ቮልት ስለሆነ፣ 3500ን ለ220 ብናካፍል 16 አምፔር ገደማ እናገኛለን። የ2000 ዋት ምድጃ 9 አምፔር፣ የ1500 ዋት ውኃ ማፍያ 7 አምፔር ይጨምራሉ። ሦስቱ በአንድ ጠዋት ቢሠሩ ድምሩ 32 አምፔር ይሆናል። ለመብራት የሚዘረጋው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ግን የዚህን እኩሌታ እንኳ የሚሸከመው በጭንቅ ነው።

እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ እንዳስረዳው፣ በአንድ ሽቦ የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ሲሆን በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ተማሪዎቻችን ይህን ሕግ በፈተና ወረቀት ላይ አሳምረው ይጽፉታል። የሚያሳዝነው፣ ያው ሕግ በገዛ እናታቸው ማድ ቤት፣ ጭድና ጭቃ በተመረገበት የባሕር ዛፍ ግድግዳ ውስጥ ሲፈጸም አለማስተዋላቸው ነው። ማድ ቤቱ ከቆጣሪው 20 ሜትር ቢርቅና ሽቦው 1.5 ቢሆን፣ ምጣዱ በሚሠራበት ሰዓት 120 ዋት ያህል በመንገድ ላይ በከንቱ ይቃጠላል። በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ግን ብክነቱ ከእኩሌታ በታች ይወርዳል። ለብክነቱም ቢሆን ሒሳቡን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

እንግዲህ ቤቱን የሚያድስ ወጣት ልስኑ ከመለሰኑ በፊት እርሳስና ወረቀት ይያዝ። ለመብራት 1.5 ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ለሶኬቶች 2.5 ሽቦ ከ16 አምፔር ጋር፣ ለምጣዱ ደግሞ ከማከፋፈያው ሣጥን በቀጥታ የሚነሣ፣ በመካከል ያልተቀጠለ 4 ሽቦ ከ20 ወይም ከ25 አምፔር ጋር ይመድብ። ሥራውንም ለባለሙያ ይስጥ። ቆጣሪው ይህን ሁሉ መሸከም አለመቻሉን አስቀድሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን ይጠይቅ። የማይችል ከሆነ ምጣዱ ሲሠራ ምድጃው ተራውን ይጠብቅ። ቫልቮላ በተቃጠለ ቁጥር በምትኩ ወፍራም ሽቦ መጠምዘዝ ግን ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ክፍት እንደ መተው ይቆጠራል።

ከዚህ የሚበልጥ አንድ ነገር ይቀራል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። ሰውን ለመግደል ጥቂት አሥር ሚሊ አምፔር ሊበቃ ይችላል፤ የ20 አምፔር ብሬከር ግን 20,000 ሚሊ አምፔር ሲያልፍ ዝም ብሎ ያያል። እናቶቻችንና እኅቶቻችን እጃቸው በሊጥ እንደ ረጠበ፣ አንዳንዴም በባዶ እግር በአፈር ወለል ላይ ቆመው ይጋግራሉ። ስለዚህ የምጣዱ ብረት እግርና አቃፊ ከመሬት መስመር ጋር ይያያዝ፤ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር ፈጥኖ የሚቆርጥ መሣሪያም በሣጥኑ ይግባ።

ገንዘብ ከየት ይምጣ የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን የሳሎኑ ጌጥ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ የሚል ነው። ግድግዳ ከተለሰነና ቀለም ከተቀባ በኋላ አፍርሶ ሽቦ መለወጥ ወጪውን ያበዛዋል፤ በእሳት የጠፋውን ግን ምንም ገንዘብ አይመልሰውም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

የተማረ ልጅ ወደ ወላጆቹ ቤት ሲመለስ የሚያመጣው ስጦታ ልብስና ስኳር ብቻ መሆን የለበትም። በዚህ እሑድ ወደ ማድ ቤት ጎራ ይበል፤ በምጣዱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብብ፤ የገመዱን መነሻ ይመልከት፤ ስፒናው ሞቆ ወይም ጠቁሮ እንደሆነም ይጠይቅ። ዕውቀቱ ከዚህ ቢጀምር እንጀራውን ለምትጋግርለት እናት የሚገባትን ክብር ሰጣት ማለት ነው።