ከመጥረግ በፊት ማየት

አዲስ ሥራ ሊጀምር የተቀመጠ ፕሮግራመር መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ "ሁሉንም አጥፍቼ በንጹሕ ልጀምር" የሚል ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ችግሩ ቆሻሻውና ንብረቱ አንድ ፎልደር ውስጥ መኖራቸው ነው።

ኖድ ሞጁልስ ቢጠፋ ግድ የለም፤ የሎክ ፋይሉ ካለ ኤንፒኤም ያንኑ ቨርዥን መልሶ ያወርደዋል። (በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ግን ይህም ብር ነው፤ ካሹን ባይነካው ይሻለዋል።) የኢኤንቪ ፋይል ሌላ ነገር ነው። የይለፍ ቃልና ቁልፍ ስለሚይዝ ሆን ተብሎ ከጊት ውጭ ይቀመጣል። ጊት ክሊን ችላ የተባሉትን ፋይሎች ጭምር እንዲጠርግ ከታዘዘ እሱም አብሮ ይሄዳል፤ ጊት ደግሞ ቅጂው የለውም። ዶከርም ላይ ያው ነው፤ ቮልዩሙ ከተጠረገ ለሙከራ ሲሞላ የከረመው ዳታቤዝ አበቃለት።

ጊት ክሊን ምንም ሳያጠፋ ምን ሊያጠፋ እንደሆነ ብቻ የሚያሳይበት አማራጭ አለው። ይህን ዘሎ በቀጥታ መጥረግ ጉብዝና ሳይሆን ችኮላ ነው። ያላለቀ ኮድም ካለ በራሱ ብራንች ኮሚት ተደርጎ ፑሽ ይደረግ። ስታሽ ለአንድ ሰዓት ይሆናል እንጂ ለሳምንት አይሆንም፤ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ስለሚቀር ዲስኩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል።